ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለ መድኃኒት ቤት፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ለወገኖቼ የምነግረው

ሰሜን ለንደን በሚገኝ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ባለ መድኃኒት ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ፋርማሲስት አይደለሁም። የሐኪም ማዘዣ ሲመጣ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ቆጥሬ፣ የአወሳሰድ መመሪያውን ለጥፌ ለፋርማሲስቱ የማቀርብ ረዳት ነኝ። በአካባቢው ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ስለሚበዛ አማርኛ ሳልናገር የሚያልፍ የሥራ ቀን ጥቂት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ሊያገኙት የሚገባቸውን አገልግሎት ሳይጠይቁ፣ ሊከፍሉት የማይገባቸውን ገንዘብ ከፍለው፣ አንዳንዴም መድኃኒታቸውን ጥለው ሲሄዱ አያለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ደንቡም በዋነኝነት የእንግሊዝን የሚመለከት ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ መድኃኒት ቤቱ በዳቦውና በሳሙናው መካከል ቢቀመጥም እንደ አንዱ የሱቅ መደርደሪያ አለመሆኑ ነው። በሕግ የጤና ተቋም ነው። ቦታው ራሱ ተመዝግቦ ቁጥር የተሰጠው ነው፤ ባለቤቱ ኩባንያ ሲሆን ደግሞ ለሙያው ሥራ በበላይነት የሚጠየቅ አንድ ፋርማሲስት ሊኖረው ግድ ነው። በየዕለቱም በዚያ ሰዓት ኃላፊነቱን የያዘው ፋርማሲስት ስሙና የምዝገባ ቁጥሩ ለሕዝብ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። ይህችን ትንሽ ማስታወቂያ ልብ ብሎ የሚያያት ሰው ጥቂት ነው። እርስዎ ግን ይዩዋት፤ ስለ ጤናዎ የሚጠይቁት ሰው ማን እንደሆነ የምትነግርዎ እሷ ናት። ጠዋት ሱቁ ክፍት ሆኖ የእኛ መዝጊያ ወርዶ የሚያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኃላፊ ፋርማሲስቱ ካልገባ እኛ ረዳቶች ከኋላ ያለውን መድኃኒት ልንሸጥ አንችልም። ወረፋ ላይ ቆመው «ዳቦውን እየሸጣችሁ መድኃኒቱን ለምን ትከለክላላችሁ?» ብለው የተቆጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ግን ዳቦና መድኃኒት በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑም በአንድ ሕግ አይተዳደሩም።

ተቆጣጣሪው ጄኔራል ፋርማሲዩቲካል ካውንስል ይባላል። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ያሉትን ፋርማሲስቶች፣ የፋርማሲ ቴክኒሻኖችና መድኃኒት ቤቶች የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ነው፤ ሥራውን የጀመረው በመስከረም 2010 ነው። መርማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳውቁ ይመጣሉ። መርማሪ ሲመጣ ምን እንደሚያይ በቅርብ ተመልክቻለሁ። የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መሆኑ በየዕለቱ ተመዝግቦ እንደሆነ ገጽ እየገለጠ ያያል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንዳለ ለማወቅ ከመደርደሪያ አንዳንድ እሽግ ያነሳል። ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች የሚቆለፍባቸውን ቁም ሣጥን ያስከፍትና ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። እኛን ረዳቶችንም «አንድ ሰው በተደጋጋሚ ሱስ ሊያስይዝ የሚችለው ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ሊገዛ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተዘጋጅተው የሚጠብቁት ከረጢቶች ላይ ያለው የደንበኛ ስምና አድራሻ ባንኮኒው ጋ ከቆመ ሰው ዓይን መጋረዱን እንኳ ከደንበኞች ወገን ቆሞ ያረጋግጣል። ውጤቱ ከ2019 ወዲህ በይፋ ይወጣል። ስለዚህ የሰፈርዎ መድኃኒት ቤት እንዴት እንደተመዘነ ማንበብ ይችላሉ፤ ወላጆቻችሁ የሚገለገሉበትን እንድታነቡላቸው አደራ እላለሁ።

አሁን ስለ ጥያቄዎቹ ልናገር። «ለማን ነው? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ስንት ቀን ሆነዎት?» ስንል ብዙ ሰው የተጠረጠረ ይመስለዋል። አገር ቤት ከነማም ሆነ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ገብቶ የፈለገውን ጠርቶ መግዛት የለመደ ሰው ቢከፋው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በዚህ አገር መድኃኒት በሦስት ይከፈላል፤ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ፣ ያለ ማዘዣ ግን በፋርማሲስት ቁጥጥር ሥር የሚሸጥ፣ እና ማንም ሱቅ የሚሸጠው። ፓራሲታሞል ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1998 ጀምሮ በተራ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው እሽግ ከ16 ፍሬ እንዳይበልጥ፣ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ደግሞ በአንድ እሽግ 32 እንዲሆን ተደርጓል። ምክንያቱ ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል ጉበትን ስለሚያበላሽ ነው። ሻንጣ ለአገር ቤት ሲዘጋጅ እሽግ በእሽግ ሰብስበው ክፍያ ቦታው ላይ የሚከለከሉ ብዙ ናቸው። ገንዘብ ተቀባዩ በራሱ ፈቃድ የከለከላቸው አይደለም፤ ከሁለት እሽግ በላይ ለአንድ ሰው አለመሸጥ በሱፐርማርኬቶች ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የጉንፋን እንክብሎችና በሙቅ ውኃ የሚበጠበጡት ዱቄቶች አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። አንድ ሰው በአንድ ቅርጫት ሁለቱንም ይዞ ከመጣ ጥያቄያችን የግድ ነው። ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙ ፍሬ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 መብለጥ የለበትም፤ በጉንፋን መድኃኒቱ ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል።

ለአገር ቤት መድኃኒት መላክን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በእርስዎ ስም የታዘዘ መድኃኒት የእርስዎ ነው። ለእህት ወይም ለአክስት ደም ግፊት ብሎ ከራስ ቆርሶ መላክ ሁለት ሰው ይጎዳል። እዚያ ያለው ሰው እዚያው ተመርምሮ ይታዘዝለት፤ ገንዘቡን ይላኩለት።

ወደ ገንዘብ ጉዳይ ስመጣ ልብ የሚነኩ ነገሮች ብዙ ናቸው። በእንግሊዝ የማዘዣ ክፍያ ከግንቦት 2024 ጀምሮ 9.90 ፓውንድ ነው፤ የሚከፈለውም ለማዘዣው ወረቀት ሳይሆን ለእያንዳንዱ መድኃኒት ነው። በዌልስ ከ2007፣ በሰሜን አየርላንድ ከ2010፣ በስኮትላንድ ከ2011 ወዲህ ነጻ ሆኗል፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ይከፈላል። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት ሦስት መድኃኒት ታዞላቸው መጡ። 29.70 መሆኑን ስነግራቸው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ያላቸውን ቆጠሩ፣ ከኋላቸው ሰው ስላለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከሦስቱ የትኛው ቢቀር ይሻላል?» አሉኝ። አንዱ ሜትፎርሚን ነበር።

«እትዬ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ገና ሰሞኑን ነው የነገሩኝ።»

ወደ ምክር መስጫዋ ጠባብ ክፍል አስገባናቸውና ፋርማሲስቷ አነጋገረቻቸው፤ እኔ አስተረጎምኩ። የስኳር ሕመም በመድኃኒት የሚታከምበት ሰው በሙሉ ከክፍያ ነጻ የመሆን መብት አለው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ማነስ፣ ያለማቋረጥ መድኃኒት የሚወሰድበት የሚጥል በሽታ፣ የካንሰር ሕክምናም እንደዚሁ። ኤፍፒ92ኤ የሚባለውን ቅጽ ከሐኪም ክሊኒኩ ተቀብሎ መሙላት ነው፤ ሐኪሙ ወይም የተወከለ ባልደረባው ይፈርምበታል። በዚህ ቅጽ የሚገኘው ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ነጻ የሚያደርገውም የስኳሩን መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የሚታዘዝልዎትን ሁሉ ነው። እኚያ እናት ልጃቸው መጥታ ሦስቱንም ከፈለችላቸው፤ እኛም ኤፍፒ57 የተባለውን ደረሰኝ ሰጠናቸው። ካርዱ ሲመጣ ገንዘቡ ተመለሰላቸው። ልብ በሉ፤ ይህ ደረሰኝ የሚሰጠው በሚከፍሉበት ጊዜ ብቻ ነው። በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁ ልንሰጥዎ አንችልም። ገንዘቡን ለማስመለስም ያለው ጊዜ 3 ወር ነው።

ብዙዎችን የሚያስገርማቸው ደም ግፊትና አስም በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመኖራቸው ነው። እኔም ልክ ነው ብዬ አላምንም፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ነውና። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የቅድሚያ ክፍያ ካርድ አለ። የ3 ወሩ 32.05፣ የዓመቱ 114.50 ፓውንድ ነው፤ የዓመቱን በ10 ጊዜ ከባንክ ሂሳብ እየተቆረጠ መክፈል ይቻላል። በዓመት 12 መድኃኒትና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሰው ያተርፋል። በየወሩ ሁለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ካርዱ 237 ፓውንድ ከ60 ሳንቲም እንደሚከፍል ስነግራቸው የሚደነግጡ አሉ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ደግሞ ኤችሲ1 የተባለውን ቅጽ ሞልተው ኤችሲ2 የሚባል ሰርተፍኬት ማግኘት ይችላሉ። በመንግሥት ድጋፍ የሚኖሩ ጥገኝነት ጠያቂዎች ይህ ሰርተፍኬት ይሰጣቸዋል፤ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውት ለመድኃኒት የሚከፍሉ ወጣቶች አይቻለሁ። ዕድሜያቸው 60 የሞላ፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ፣ እስከ 18 ዓመት ድረስ በሙሉ ጊዜ ትምህርት ላይ ያሉ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ ዓመት ያልሞላቸው እናቶችም አይከፍሉም፤ ነፍሰ ጡሮችና እናቶች ግን ለእነሱ የተዘጋጀውን ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ካርድ ማውጣት አለባቸው።

በጣም የምለምናችሁ ነገር፣ ነጻ መሆናችሁን ሳታረጋግጡ ነጻ ነኝ ብላችሁ አትፈርሙ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ማግኘት ብቻውን ነጻ አያደርግም፤ የገቢ ገደብ አለው። በኋላ ተጣርቶ ካልተገባ የመድኃኒቱ ክፍያ ላይ እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት ይጨመራል፤ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፣ ሳይመልሱት ሲቀሩም ይከብዳል። ግራ ሲገባችሁ ከፍላችሁ ኤፍፒ57 ጠይቁ።

መድኃኒት ከመስጠት ሌላ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ከጥር 2024 መጨረሻ ጀምሮ ፋርማሲ ፈርስት በተባለው አገልግሎት ፋርማሲስቱ ለሰባት ሕመሞች ራሱ መርምሮ፣ አስፈላጊ ሲሆን አንቲባዮቲክ ጭምር ሊሰጥ ይችላል። እነሱም የሳይነስ ሕመም፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ከ1 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች የጆሮ ሕመም፣ ኢንፌክሽን የያዘው የነፍሳት ንክሻ፣ ኢምፔታይጎ የተባለው የቆዳ ቁስል፣ አልማዝ ባለጭራ፣ እንዲሁም ከ16 እስከ 64 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ የሚከሰት ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ናቸው። ለምክሩ አይከፈልም፤ ለሚሰጠው መድኃኒት ግን ከፋይ የሆነ ይከፍላል። የጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ቀጠሮ አጥታ በሽንት ማቃጠል ለቀናት የተሰቃየች እህት ሱፐርማርኬት ስትገባ እዚያው ልትታይ ትችል ነበር። ዕድሜያቸው 40 የሞላና የደም ግፊት ታማሚ ናችሁ ያልተባሉ ሰዎች ግፊታቸውን በነጻ ይለካሉ። የእኛ ሰው ግፊት እንዳለበት ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሲወድቅ ነው፤ ስለዚህ ለአስቤዛ ስትወጡ ወንድሞቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለአስም አዲስ መድኃኒት ሲጀመርም ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ፋርማሲስቱ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሆናችሁ የሚጠይቅበት አገልግሎት አለ። «አሳከከኝ፣ አስሳለኝ» ብሎ በዝምታ መድኃኒቱን የሚተው ሰው ይህን ቢጠቀም መድኃኒቱ ይቀየርለታል።

ጾምን በተመለከተ ከየትኛውም ነገር በላይ ልናገር የምፈልገው አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች የጠዋቱን መድኃኒት ይተዋሉ፤ በረመዳንም እንደዚሁ። ለእኛ ለሠራተኞቹ አይነግሩንም፤ የምናውቀው በወሩ መጨረሻ መድኃኒቱ ተርፎ ሲገኝ ነው። ግሊክላዚድ የደም ስኳርን የሚያወርድ ስለሆነ ውጦ ሳይበሉ መዋል አደገኛ ነው፤ ሜትፎርሚን ደግሞ ከምግብ ጋር ካልሆነ ሆድ ይረብሻል። ስለዚህ መፍትሔው መድኃኒቱን መተውም፣ እንዳለ ውጦ መጾምም አይደለም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለፋርማሲስቱ «እስከዚህ ሰዓት እጾማለሁ» ብለው ይንገሩ። አንዳንዱ መድኃኒት ሰዓቱ ይዛወራል፣ አንዳንዱ በቀን አንድ ጊዜ በሚወሰድ ይተካል፤ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ ሐኪሙ መጾም የለብዎትም ይለዋል፣ ያኔ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከኢማምዎ ጋር መነጋገር ነው። የእንክብሎች ሽፋን ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የተገኘ ጄላቲን ነው፤ ይህን ሰምተው እንክብሉን እየፈቱ ዱቄቱን የሚበጠብጡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። አንዳንዱ መድኃኒት ሽፋኑ ከተከፈተ አሠራሩ ይበላሻል። ጠይቁን፤ በፍሬ ወይም በፈሳሽ የሚገኝ ከሆነ ፋርማሲስቱ ሐኪሙን አነጋግሮ ይለውጣል።

ከአገር ቤት የሚመጣውንም አትደብቁን። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አዘውትሮ የሚጠጣ ከሆነ ማወቅ አለብን፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰውማ ይበልጡን። ተልባ ከመድኃኒት ጋር አንድ ላይ ከተጠጣ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላል፤ አራርቆ መውሰድ ነው። ማንም አይስቅባችሁም። እኔ ባለሁበት ፋርማሲስቷ ስለ አብሽ ከእኔ በላይ የምታውቅ ሆናለች፤ ደንበኞቻችን ናቸው ያስተማሯት። በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊንም ጀምሮ ሲሻል ማቆም ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም፤ ለሌላ ጊዜም መድኃኒቱ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ መጀመሪያ አስቤዛችሁን ጨርሱ፣ መድኃኒቱን መጨረሻ ላይ ተቀበሉ፤ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትግቡ።

ቋንቋ ሌላው ችግራችን ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም ሲያስተረጉም መስማት ያማል፤ ልጁ ያፍራል፣ እናትየው ግማሹን ታስቀራለች። የሐኪም ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ለእናንተ በነጻ ነው። የኤንኤችኤስ የጤና ምክር ስልክ በሆነው 111 ላይ ስትደውሉም መጀመሪያ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ መናገር ነው፤ ይገናኝላችኋል። 111 ለሌላም ይጠቅማል። መድኃኒታችሁ በእሑድ ቢያልቅ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆን እንዲሰጣችሁ ወደ አቅራቢያ መድኃኒት ቤት ይመሯችኋል፤ ባዶ ካርቶኑን ይዛችሁ ኑ።

ስለ አካባቢያችን ላንሳና ልጨርስ። የሱፐርማርኬት መድኃኒት ቤት ትልቁ ጥቅሙ ሰዓቱ ነበር። ከ2005 ጀምሮ በሳምንት 100 ሰዓት እንሠራለን ያሉ መድኃኒት ቤቶች የመክፈቻ ፈቃዱ ቀለል ብሎላቸው ስለነበር፣ ብዙዎቹ በትልልቅ ሱቆች ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሠሩ ነበር። በ2023 ወደ 72 ሰዓት ዝቅ ማድረግ ተፈቀደላቸው፤ በዚያው ዓመት በሱፐርማርኬት ውስጥ የነበሩ በርካታ መድኃኒት ቤቶችም ተዘጉ። በጽዳትና በእንክብካቤ ሥራ ማታ የሚወጣው የእኛ ሰው ነው ይህ የከበደው። ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ሰዓቱን አረጋግጡ፤ የምሳ ሰዓት መዘጋትም አለ። ተራ ማዘዣ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወር ይሠራል፤ እንደ ትራማዶልና ፕሪጋባሊን ያሉት ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ግን ለ28 ቀን ብቻ ነው፤ ሲቀበሉም መታወቂያ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያው ኃላፊውን አነጋግሩ። ካልተፈታ ለአካባቢው የኤንኤችኤስ ቦርድ ይቀርባል፤ የሰውን ደኅንነት አደጋ ላይ የጣለ የፋርማሲስት አሠራር ከሆነ ግን ለጄኔራል ፋርማሲዩቲካል ካውንስል ማሳወቅ ይቻላል። ካውንስሉ ካሳ አያስከፍልም፤ ባለሙያው ለሥራው ብቁ መሆኑን ነው የሚመረምረው።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ በእንግሊዝ መድኃኒት ቤት እንደፈለጉ የኤንኤችኤስ አገልግሎት ይዘው የሚከፍቱት አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ አካባቢ የመድኃኒት ቤት ፍላጎቱን የሚዘረዝር ሰነድ በየሦስት ዓመቱ ያወጣል፤ አዲስ መክፈት የሚፈልግም በዚያ ሰነድ ይመዘናል። ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ቢያንስ ለ60 ቀን ለአስተያየት ይቀርባል፤ ብዙ ጊዜም ነዋሪው የሚሞላው መጠይቅ በአካባቢው አስተዳደር (በሰፈሩ ካውንስል) በኩል ይወጣል። ማታ ከሥራ ስንወጣ የሚከፈት መድኃኒት ቤት የለም፣ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ያስፈልገናል ብሎ የሚጽፍ ከእኛ መካከል ከሌለ በሰነዱ ላይ የሌለን ያህል ነን። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በማኅበርና በዕድር ስትሰበሰቡ መጠይቁን አንዱ በስልኩ ከፍቶ ለሌሎቹ ያንብብላቸውና አብራችሁ ሙሉት።